ሳንወስን ተሸኘን

መጋረጃ በሌለው ቤት ውስጥ በጠራራ ፀሐይ ልተኛ ብሎ መጋደም ምን የሚሉት ጅልነት ነው? ፀሐይዋ መጥታ ፊቴ ላይ ቁጭ ብላለች፣ ወደ ግድግዳው ስዞር ማጅራቴ ላይ፣ ወደ በሩ ስዞር ጆሮዬ ላይ። መስኮቱ ላይ አንሶላ በፕላስተር ለጥፌ ነበር፤ ሁለት ጊዜ ወደቀ፣ በሦስተኛው ተውኩት። አሥራ አንድ ዓመት በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ቤት አንሶላ ሲያጥብ፣ ሲተኩስ፣ ሲያጣጥፍ የኖረ ሰው አንዲት አንሶላ መስኮት ላይ ማቆም አቃተው ቢባል ማን ያምናል? ተኛ አንተ ሰውዬ። ሌሊት አልተኛህም፣ ያለፈውንም ሌሊት አልተኛህም፤ አሥራ አንድ ዓመት ሌሊቱን ቆሞ ማደር የለመደ ሰውነት በሦስት ሳምንት ተው ቢሉት በጄ አይልም። ቀን ሲሆን ደግሞ ይኸው ሐሳብ አለ፣ እሱም እንደኔ ሥራ ፈቶ ቅዳሜን ቤት የዋለ።

ሦስት ሰዓት ተኩል ሊሆን ነው፤ በዚህ አገር አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በእኛ ዘጠኝ ተኩል መሆኑ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ምድር ቤት ያለው የኪራይ ቢሮ ይዘጋል። ጸሐፊዋ ውሉን ጠረጴዛዋ ላይ አስቀምጣ እስክሪብቶውን ከላዩ አጋድማዋለች፤ «እስከ አምስት ልጠብቅዎት፣ ከእርስዎ በኋላ ሁለት ቤተሰብ ተራ ይዟል» ብላኛለች፣ ያውም እየሳቀች። ከፈረምኩ ሚስቴና ሁለቱ ልጆቼ ከምንኖርበት ግዛት ተነቅለው፣ በመኪና አሥራ አንድ ሰዓት ተጉዘው እዚህ ይገባሉ። ካልፈረምኩ ይቺን ፍራሽ ጠቅልዬ እኔ ወደነሱ እመለሳለሁ። ነገሩ ይኼው ነው። ለማውራት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ እኔ ግን ሦስት ሳምንት አላምጬው አልዋጥ ብሎኛል።

ቤቱ መጥፎ ቢሆን ኖሮ እንዴት በተገላገልኩ። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለት መኝታ ቤት፣ ሳሎን፣ በሩ ሲከፈት የሚያላዝን ኩሽና። እዚህ ሥራ የሰጠኝ የአዲሱ ሆስፒታል የሠራተኛ ቤት ነው፣ ለሙከራው ሦስት ሳምንት ያለ ኪራይ ሰጥተውኛል። የመጀመሪያ ቀን ቧንቧውን ሁሉ ከፈትኩ፣ መብራቱን ሁሉ አበራሁ፣ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁት፣ ለምን እንደገባሁ አሁንም አላውቅም፣ ወሬኛው ልጄ ቢኖር የሚያደርገውን ነው ያደረግኩት መሰለኝ። ታናሹን ወሬኛው ነው የምንለው፣ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ታላቂቱን ደግሞ ዳኛዋ፣ አሥራ ሦስት ሞልቷታል፣ ከሷ ፊት ቀርቦ ያልተፈረደበት ሰው የለም። ለነሱ ትምህርት ቤት ላጣራ ብዬ ደወልኩ፣ ማሽን አነሳውና ለምዝገባ አንድ፣ ለአውቶቡስ ሁለት፣ ለምግብ ሦስት እያለ እስከ ዘጠኝ ወሰደኝ፣ ዘጠኝን ስነካ ወደ አንድ መለሰኝ። ሰው ያገኘሁት በአራተኛው ቀን ነው። የመንገዱ ጎዶሎ ቁጥር በኩል ያሉ ልጆች አንድ ትምህርት ቤት፣ ሙሉ ቁጥር በኩል ያሉት ሌላ ትምህርት ቤት ነው የሚገቡት አለችኝ ያነሣችው ሴት። ወጥቼ የሕንፃውን ቁጥር አየሁ። ጎዶሎ ነው። ጥሩ ይሁን መጥፎ ሳላውቅ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ሥራው ደግሞ፣ ሥራውማ ምን ይወጣለታል። የቀን ነው። ከሰባት እስከ ሦስት። ከማሽን ፊት አልቆምም፣ የንጹሕ ልብስ ክፍል ውስጥ ሆኜ በመስኮት አንሶላና የደንብ ልብስ ማደል ነው፣ ነርሶቹ እየመጡ «ሁለት ትልቅ፣ አንድ ትንሽ» ይሉኛል፣ እኔ እሰጣለሁ፣ እጽፋለሁ። በሁለተኛው ሳምንት አለቃዬ «የሚያጣጥፍ ማሽን የቀጠርን መስሎኝ ነበር» አለችኝ፣ መደርደሪያዎቹን በመጠን በመጠን አስተካክዬላት። ሦስት ሰዓት ላይ ስወጣ ፀሐይ አለ። ሰው መንገድ ላይ ውሻ ያንሸራሽራል። መጀመሪያ ቀን ወዴት እንደምሄድ ጠፋኝ፤ ከሥራ ወጥቶ ሌላ ሰው ነቅቶ ማየት አልለመድኩም።

አሥራ አንድ ዓመት እነሱ ሲነሡ እኔ ስገባ፣ እነሱ ሲመጡ እኔ ስነሣ፣ እራት ሲቀርብ እኔ ጫማዬን ሳስር። ሚስቴ ፍሪጁ ላይ ወረቀት ትለጥፋለች፣ እኔ ከሥሩ መልስ እጽፋለሁ። «ታናሹ ጥርሱ ወለቀ።» «የቱ?» «የፊቱ።» በማግስቱ ነው የማየው፣ እሱም ተኝቶ አፉን ከፍቶ ከሆነ። አምና ትምህርት ቤት ውስጥ መምህርቷ ልጆቹን የአባታችሁን ሥራ ተናገሩ ስትላቸው የእኔው ተነሥቶ «አባቴ ይተኛል» አላት። እንዴት ማለት ነው ብትለው «ሥራው መተኛት ነው፣ እኛ እንዳንረብሸው ካልሲ አድርገን ነው የምንሄደው» አላት። መምህርቷ አሞኝ እንደሆነ ልትጠይቅ ደወለች። ሚስቴ ይኼን ስትነግረኝ ሳቅኩ፣ ማጠቢያ ቤት ሄጄም ለጓደኞቼ አውርቼ ሁሉም ሳቀ፤ ከዚያ ማሽኑ ሲጮህ፣ ማንም የማይሰማኝ መሆኑን ሳረጋግጥ ሆድ ባሰኝ። ይኼን ለማንም አላወራሁም። እዚህ ሥራ ስላለ ሞክረው ሲሉኝ መጀመሪያ የታየኝ ደመወዙ አይደለም፣ እራት ነው።

ታዲያ ምኑ ነው አልዋጥ ያለኝ? ፈርሜ አልተኛም? እውነቱን ልናገር፣ የሚሰማኝ እንደሁ ግድግዳና ፍራሽ ብቻ ነው። ለራሴ ብዬ እየሄድኩ ይሁን አፍሬ እየሄድኩ መለየት አቅቶኛል። ምክንያቱም እኛ ሳንወስን ተሸኝተናል።

ይኼን ጣጣ ያመጣብኝ ካርቶን ነው። የልጆቹ የጠበበ ልብስ ቁም ሣጥን አጣቦ ነበርና የሰፈራችን ባለሱቅ ጋ ሄጄ ሁለት ባዶ ካርቶን ጠየቅኩት። «ምን ሊያደርግልህ ነው?» አለኝ። ለልብስ ነው ብዬ መሄድ እችል ነበር። እኔ ግን ሰው አንድ ከጠየቀኝ ሦስት የምመልስ ፍጥረት ነኝና «ለልብስ ነው፣ ደግሞ ሌላ ግዛት ሥራ ተገኝቶልኝ ነበር፣ ገና እያሰብን ነው» አልኩት። ባለሱቁ ካርቶኑን ስድስት አድርጎ ሰጠኝ። እኔ ቤት ሳልደርስ ለሊቀመንበሩ ነግሮታል። ሊቀመንበር የምንለው ታክሲ ነጂ ነው፣ የምንም ነገር ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅም፣ ግን ሦስት ሰው አንድ ላይ ከቆመ ኮሚቴ ያቋቁማል። በአምስተኛው ቀን እሑድ ከሰዓት «ለትንሽ ጉዳይ ብቅ በሉ» ብሎ አዳራሽ ጠራን። በሩን ስንከፍት ስልሳ ሰው ቆሞ ያጨበጭባል። ግድግዳው ላይ «መልካም ጉዞ» ተጽፏል፣ የልጆቹ ስም ሳይቀር ተደርድሯል።

ሚስቴ እየሳቀች፣ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ «ምንድን ነው ያደረግከው?» አለችኝ።

«ካርቶን ጠየቅኩ» አልኳት።

ክንዴን ቆነጠጠችኝ፣ ሳምንት ሙሉ ሰማያዊ ሆኖ ቆየ። ሊቀመንበሩ ንግግር አደረገ። ስለ እኔ የተናገረውን ሰምቼ ማን እንደሞተ ግራ ገባኝ። ከዚያ «አሁን ተሸኚው ጥቂት ይበሉ» ተባለ። ተነሣሁ። ወገኖቼ፣ ገና አልወሰንንም፣ ይቅርታ አድርጉልኝ ልል ነበር፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር፤ ቀና ስል ፊት ለፊቴ እትዬን አየኋት፣ ሁለታችንም ሥራ ስንሆን ሁለቱን ልጆች ከጨቅላነታቸው ጀምራ የያዘችልን ጎረቤታችን ናት፣ መሐረቧን አፏ ላይ ይዛ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እንዴት አድርጌ፣ ይቺን ሴትዮ በከንቱ ነው ያለቀስሽው ልበላት? «መቼም አንረሳችሁም» ብዬ ተቀመጥኩ። አዳራሹ በጭብጨባ ተነቃነቀ። ከዚያ አራት ሰው ተሸክሞ ስጦታውን አመጣ፤ የበር ግማሽ የሚያህል፣ ክፈፉ ወርቃማ፣ በየሰዓቱ የሚደውል የግድግዳ ሰዓት። ሊቀመንበሩ «በደወለ ቁጥር እኛን አስቡ» አለና አቀፈኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ጉዱ የፈላው። ተሸኝቶ የማይሄድ ሰው በአደባባይ እንዴት ይታያል? ዳቦ የምንገዛው ሁለት መንገድ አልፈን ሆነ። አንድ ቀን ባለሱቁን ድንገት ሳየው ከቆመ የጭነት መኪና ጀርባ ተደበቅኩ፣ መኪናው ሄደ፣ እኔ ቀረሁ። «እስካሁን አላችሁ?» አለኝ፣ ከልቡ ደንግጦ። «ወረቀት ይዞን ነው» አልኩት፤ ወረቀት የሚሉት ነገር ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዳኛዋ እራት ላይ፣ እናቷ እንደነገረችኝ፣ «ወይ እንሂድ ወይ ይቅርታ እንጠይቅ፣ እኔ ትምህርት ቤት ክፍሌ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተሸኝቻለሁ» ብላ ፈረደች። እኔም የሙከራውን ሦስት ሳምንት ወስጄ መጣሁ። እና አሁን ፍራሽ ላይ ተጋድሜ ራሴን እጠይቃለሁ፤ ያ ሰዓት ባይኖር፣ እትዬ ባታለቅስ፣ ትመጣ ነበር? አንድ ጊዜ አዎ እላለሁ። ጎኔን ስቀይር እንጃ እላለሁ።

እናቴ ጋ ዛሬ ጠዋት ደውያለሁ። ሁልጊዜ ቅዳሜ ነው የምደውለው፣ ሰዓቱን ወደ እኛ እየመለስኩ። ሁለት ዓመት ሠርቼ እመጣለሁ ብዬ የወጣሁባት ሴት ናት፣ አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ፤ አንድም ቀን ሁለት ዓመት ብለህ አልነበር ብላኝ አታውቅም፣ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

«ግዛት ማለት ምንድን ነው ልጄ? ሌላ አገር ነው?»

«አይደለም እማዬ፣ አገሩ ያው ነው። ክፍለ ሀገር በይው።»

«ታዲያ እንደገና ልትሰደድ ነው?»

«ስደት አይባልም። ቤት መቀየር ነው።»

ከኋላዋ በር ይከፈታል፣ ሰው ይስቃል፣ ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ከዚያ «ለኔ ይርቃል ወይስ ይቀርባል?» አለችኝ። ይኼን አስቤው አላውቅም። ቆይ ብያት ካርታ አወጣሁ፣ በጣቴ ለካሁ። ወደ ምሥራቅ ነው የመጣሁት፣ ሰዓታችንም ከበፊቱ ጋር ሲተያይ በአንድ ሰዓት ቀድሟል። «ትንሽ ይቀርባል» አልኳት፣ «በአንድ ሰዓት ያህል።»

«እንግዲያው ምን ትጨነቃለህ የኔ ጌታ? በዚሁ ቀጥል» አለችኝና ሳቀች። እኔም ሳቅኩ፣ አንጀቴን ግን በላችው፣ እንዲህ እየተባባልን በየአሥራ አራት ዓመቱ አንድ አንድ ሰዓት ብቀርብ መቼ እደርሳለሁ?

ሚስቴ ግን፣ ሚስቴ ናት ዋናዋ። መርፌዬ እላታለሁ። የሙሽራ ልብስ የሚሸጥ ቤት ውስጥ ልብስ ታስተካክላለች፤ ዘጠኝ ዓመት ከኋላ፣ መስኮት በሌለው ክፍል፣ ከካርቶኖች ጋር ሠርታ ዘንድሮ ወደ ፊት አወጧት፣ ከመንገዱ ትይዩ ወንበር ሰጧት። አላፊው ያያታል፣ እሷም አላፊውን ታያለች። ያን ቀን ፍሪጁ ላይ «መስኮት አገኘሁ» ብላ ለጠፈች፣ ያንን ወረቀት አልጣልኩትም፣ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። ያንን ልታስተዋት ነው የመጣኸው አንተ ሰውዬ። ምን ትላለች ታዲያ? አንድ ነገር ብቻ። «አንተ ካልክ።» ቤቱ ጥሩ ነው ስላት፣ አንተ ካልክ። ሥራው ጥሩ ነው ስላት፣ አንተ ካልክ። እንቅር ይሆን ስላትም፣ አንተ ካልክ። ይቺ ቃል እሺም እምቢም ናት፣ ወደፈለጉበት ትጎተታለች፣ በኋላ ደግሞ ነገር ሲበላሽ ማን አለ ሲባል አንተ አልክ ይሆናል። ተቆጥታ እምቢ ብትለኝ እወድ ነበር። ከሷ አፍ አንድ የራሷ ቃል ብሰማ ውሉን አሁኑኑ ወርጄ ወይ እፈርመዋለሁ ወይ ጸሐፊዋን አመሰግናታለሁ።

ስልኩ ይጮኻል። እሷ ናት። አራት ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል።

«ተኛህ እንዴ?»

«ተኝቼ ነው የማዋራሽ።»

«ቀልድህን ተው። ምን በላህ?»

«እንቁላል።»

«ትናንትም እንቁላል ነበር።»

«ይኼ ሌላ እንቁላል ነው።» ትስቃለች፣ የማሽኑ ፔዳል ይሰማኛል፣ ቅዳሜ ግማሽ ቀን ስለምትሠራ የተረፈውን ቤት ወስዳ ነው። አሁን ልጠይቃት ነው። ውሉ አምስት ሰዓት ላይ፣ ልላት ነው። አፌን ስከፍት ከወዲያ በኩል ደወል ይደውላል፣ ወፍራም፣ የአዳራሽ ደወል የሚመስል፣ አንድ። ያንን ደወል አውቀዋለሁ፣ አዳራሹ ውስጥ አራት ሰው ሲያስቀምጠው ሦስት ጊዜ ጮሆብኛል። ሁለት። በብርድ ልብስ ጠቅልለን፣ ለጉዞ ብለን አልጋ ሥር የከተትነው ሰዓት ነው። ሦስት። ሰቅላዋለች። ሳልኖር ግድግዳ በስታ፣ ምስማር መትታ፣ ሰቅላዋለች፤ ሊሄድ ያሰበ ሰው ግድግዳ አይበሳም። ይኸው ቃሏ። ልቀር ነው ማለቷ ነው። ከፋኝ፣ ደግሞ ቀለለኝ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ መጡብኝ፣ ፍራሹን እንዴት እንደምጠቀልል ሳይቀር አሰብኩ። አራት። አራት? እዚህ ነው አራት የሆነው። እነሱ ጋ ሦስት ነው።

«ሰዓቱን ሰቀልሽው» አልኳት።

ፔዳሉ ቆመ።

«ተሳስቷልም» አልኳት። «በአንድ ሰዓት ይቀድማል።»

«አልተሳሳተም» አለች፣ ድምፅዋ አነስ ብሎ። ከዚያ ግፊያ ተሰማኝ፣ ስልኩ ወደቀ፣ ተነሣ፣ ወሬኛው ገባ።

«አባዬ፣ እሱ ያንተ ሰዓት ነው! እኔ ነኝ ያዞርኩት! ሦስት ሲል አባዬ ከሥራ ወጣ እላለሁ፣ ስድስት ሲል አባዬ እራት እየበላ ነው፣ እኛም እንበላለን፣ እማዬ በሱ ነው የምታቀርበው!»

«በአምስት ሰዓት እራት ነው የምንበላው፣» አለች ዳኛዋ ከሩቅ፣ «በዚህ ምድር ላይ በአምስት ሰዓት እራት የሚበላ ሰው የለም። ሲመሽ ደግሞ ይርበኛል።»

«አትዋሺ፣ አንቺ ነሽ ሰዓቱን የሰቀልሽው!» አላት።

መስኮቱ ላይ የቀረው የፕላስተር ቁራጭ ሲወዛወዝ እያየሁ፣ ሦስት ሳምንት እኔ እዚህ ሳመነዥግ እነሱ እኔ ወዳለሁበት ሰዓት ተዛውረው መኖራቸውን ለማመን ሞከርኩ። ስልኩ ወደ ሚስቴ ተመለሰ።

«መርፌዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አንተ ካልክ እንዳትይኝ።»

«ጠይቅ።»

«ትመጪያለሽ?»

እኔ ልመልስላት አፌን ሁለቴ ከፍቼ ሁለቴ ዘጋሁት። «የመስኮቱን ወንበር እወደዋለሁ፤» አለች፣ «አልዋሽህም። እሱን ስተው አለቅሳለሁ፣ ሳለቅስ ደግሞ አታባብለኝ። ሊቀመንበሩም ቢታዘበን ይታዘበን፣ ለሱ ብዬ አልሄድም። ግን አሥራ አንድ ዓመት ከወረቀት ጋር እራት በልቻለሁ። በቃኝ። ሰው እፈልጋለሁ።»

ፍራሹ ላይ ቀና ብዬ ተቀመጥኩ።

«አለህ?»

«አለሁ።»

«የዚያ ቤት መስኮት ቁመቱ ስንት ነው?»

ከፍራሹ ተነሣሁ። ሜትር የለኝም አልኳት። በእጅህ ለካ አለችኝ። የሳሎኑ መስኮት ጋ ቆሜ፣ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ በስንዝር ለካሁ፣ ፀሐይዋ እጄ ላይ፤ ሰባት ከአራት ጣት። «ያንተ ስንዝር ሃያ ሁለት ሳንቲ ሜትር ነው» አለችና ትጽፋለች፣ እርሳሱ ይሰማኛል። በምን አወቅሽ ስላት «የሙሽርነት ሸሚዝህን ማን የሰፋው መሰለህ?» አለችኝ። ወደ ልጆቹ ክፍል ሄድኩ፣ ስድስት ስንዝር። ወደ ምሥራቅ የዞረው መኝታ ቤት ሄድኩ፣ ጠዋት ጠዋት ብርሃን የሚገባበት፣ መንገዱን ከላይ የሚያሳየው። ገና እጄን ሳነሣ «እሱ የትኛው ነው?» አለች። ነገርኳት።

«እሱን ተወው፣ መጋረጃ አያስፈልገውም። ማሽኔን እዚያ ነው የማስቀምጠው።»

ጫማዬን አስሬ ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ። ሚስቴ ስልኩን አልዘጋችም፣ ኪሴ ውስጥ ሆና ከልጆቹ ጋር ትነጋገራለች። ጸሐፊዋ እስክሪብቶውን አቀበለችኝ፣ ከዚህ በፊት የኖሩባቸው አድራሻዎች የሚል አምስት መስመር ነበር፣ ሁለቱን ብቻ ሞላሁ፣ ሌላ የለም ወይ አለችኝ፣ የለም፣ ይኼ ሦስተኛው ነው አልኳት። አራት ሰዓት ከአርባ ነበር። ስመለስ ደረጃው ላይ «ፈርሜያለሁ» አልኩ ወደ ኪሴ። ወሬኛው ጮኸ። «ሊቀመንበሩ ግን እንዳይሰማ» አለች ሚስቴ። ለምን ስላት «አሁን የምር መሄዳችንን ካወቀ እንደገና ይሸኘናል» አለች።

ፍራሹ ላይ ተመልሻለሁ። ፀሐይዋ አልሄደችም፣ ትሁን፣ ትቀመጥ። ስልኩን ጆሮዬ ሥር አድርጌዋለሁ፣ ስድስት ሲደውል ቀስቅሱኝ፣ አብረን እንበላለን ብያቸዋለሁ፣ እኔ እንቁላሌን፣ እነሱ ያላቸውን። ከወዲያ በኩል ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ፔዳሉ ይንቀሳቀሳል፣ ዳኛዋ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት አንድ ነገር ትጠይቃለች፣ ጎዶሎ ቁጥር ነው ልላት ነው፣ ቃሉ ከአፌ አልወጣ ይላል፣ ዓይኔ ይከብደኛል። የወሬኛው ልጄ ሹክሹክታ ነው የመጨረሻው የሰማሁት፣

«ዝም በይ፣ አባዬ ተኝቷል።»